እናትየዋ ትናገር

ያ ሰውዬ መጀመሪያ ቀን ቲያትራችን ሲገባ ሐምራዊ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነበር። ሐምራዊ! በቲያትር ቤት ሐምራዊ ገደ ቢስ ቀለም ነው፤ ለብሶት መድረክ የሚረግጥ ሰው ወይ ክፉ ነው ወይ ምንም አያውቅም። ከመጋረጃ ሳቢዎቹ አንዱ ክፉውን ለመመለስ ሮጦ ብረት ነካ፤ ሌላው ጣቶቹን ቀንድ አስመስሎ ከጀርባው ደበቀ፤ ሦስተኛው የት እንደነካ ሴት ነኝና አልናገርም። ሰውዬው ግን ምንም ሳይገባው እየሳቀ ሁላችንንም ጨበጠን። ኦታቪዮ ብሬምቢላ ይባላል። አዲሱ ዳይሬክተራችን ነው፤ ከሰሜን፣ ከቤርጋሞ ነው ያመጡብን።

እኔ ኑንዚያታ ነኝ። ናፖሊ ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው በአሮጌው ሲሬና ቲያትር ነው ጸጉሬ የሸበተው። ልጅ እያለሁ ነጭ ለብሰው ከሚጨፍሩት አንዷ ነበርኩ። በባሌት ዓለም መዝለል ያቃታት ሴት ወይ ንግሥት ትሆናለች፣ ወይ ጠንቋይ፣ ወይ እናት። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ እኔ እናት ደረሰኝ። ያኔ አልቅሼ ነበር። በኋላ ግን የእናትየዋን ክፍል ያስተማረችኝ አሮጊቷ ፓልሚራ ምን እንዳወረሰችኝ ሲገባኝ፣ ለንግሥቲቱ ዘውድ አልለውጠውም ብዬ ማልኩ።

ባሌቱ «የድልድዩ ሙሽሮች» ነው። በየጥቂት ዓመቱ እንጫወተዋለን፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኤሊና የምትባል ልጅ ማታ ወንዙ ጋ ከማታውቀው ሰው ጋር ትቀጣጠራለች። እናትየዋ ትደርስባታለች። መሀል መድረክ ላይ ቆማ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ በእጇ ብቻ ትነግራታለች፤ ሳይዳሩ ውሃ የበላቸው ሙሽሮች ጨረቃ ስትወጣ ከወንዙ ይወጣሉ፣ እንጨፍር ይላሉ፣ እጁን የሰጣቸው አይመለስም። ልጅቷ ትስቅባታለች። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ይመጣል፤ ጨረቃ፣ ድልድይ፣ ነጭ የለበሱት ሙሽሮች።

ብሬምቢላ ቢሮው አስጠራኝ።

«ሲኞራ ኑንዚያታ፣ ቁጭ ይበሉ። ያቺን የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያለችውን ነገር እናወጣታለን።»

«የቷን ነገር?»

«እናትየዋ በእጇ የምታወራውን። ረጅም ነው፣ አርጅቷል። የዛሬ ተመልካች አይገባውም።»

«የት ነው የማይገባው? እዚህ? እዚህ አገር ሰው ከሦስተኛ ፎቅ በእጁ ሲጋራ አዝዞ፣ በዋጋ ተከራክሮ፣ የባለሱቁን እናት ሰድቦ ሲጨርስ አፉን አልከፈተም እኮ!»

ሳቀ። ጥርሱ ያምራል፣ እሱን አልክደውም። «ሰው ዳንስ ሊያይ ነው የሚመጣው። እርስዎ ቅርጫትዎን ይዘው ይገባሉ፣ የልጅቷን ግንባር ይስማሉ፣ ቤት ይገባሉ። በቃ። ያምራል።»

«እናትየዋ ካልተናገረች፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ የሚወጡት ልጆች ማን መሆናቸውን ማን ያውቃል? ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ነው የሚመስሉት።»

«ሲኞራ፣ ውሳኔ ነው» አለና ስልኩን አነሳ። የሚደውልለት ሰው እንደሌለ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ምላሴን ዋጥኩ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ያለኝ አንድ ወንድምና አንድ መድረክ ነው። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በጠዋት ተነስቼ የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር።

ወንድሜ አኒዬሎ ፒኛሴካ ገበያ ዓሣ ይሸጣል። ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። በእናታችን ቤት የእኔ እጅ ከምላሴ ቀድሞ ነው አፍ የፈታው። ዛሬም ገበያው ውስጥ ድምፅ ሳያወጣ ከእሱ በላይ የሚጮህ የለም። የባሌት መክፈቻ በሆነ ቁጥር ከገበያ ጓደኞቹ ጋር ርካሹ ሰገነት ላይ፣ ጣሪያው ሥር ይቀመጣል፤ ሲወርድ ደግሞ እንደ ፈታኝ አፍጥጦ ይጠብቀኛል። «ዛሬ እጅሽ ተኮላተፈ» ይለኛል በእጁ። «ከደረትሽ በታች አታውሪ ብዬሻለሁ። እታች ላሉት ቱጃሮች ብቻ ነው የሚታየው።» አበባ ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ገበያ ሄጄ ነገርኩት። ዓሣ እየላጠ ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠ። አኒዬሎ ቢላ ካስቀመጠ ነገሩ ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ የማያልቅ ነገር ሊናገር ነው ማለት ነው።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«ዝም? ዲዳው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«አኒዬሎ፣ ያባርረኛል።»

«ያባርርሽ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ሁሉ ደረጃ የምወጣው ሴት ልጅ በእግሯ አውራ ጣት ስትሽከረከር ለማየት ይመስልሻል? ሙዚቃው ለእኔ የለም። እዚያ ቤት ውስጥ እኔን የሚያናግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናትየዋ። እሷ አፏን ከዘጋች እኔም ደረጃውን አልወጣም። ቅርጫትሽን ተሸክመሽ ስትገቢ ማን እንደሚያይሽ እንጃ።»

አጠገቡ ቀንድ አውጣ የምትሸጠው ዶና ካንዲዳ ሁሉንም አይታ ነበር። «ልክ ብሏል!» አለችኝ ጮክ ብላ። «ደግሞ ያ ቤርጋሞው ዓሣ ሊገዛ ይምጣና ያየኛል!»

«አንቺ ዓሣ አትሸጪም እኮ።»

«ለእሱ ስል እሸጣለሁ።»

ልምምዱ ላይ እንደታዘዝኩት ቅርጫቴን ይዤ ገባሁ፣ ግንባር ሳምኩ፣ ወጣሁ። ሙዚቃው የእኔን ክፍል ዘልሎ ወደ መከሩ ጭፈራ ሄደ። ሙዚቀኞቹ ገጾቹን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ዘግተዋቸዋል። የኦርኬስትራውን መሪ ዶን ኮሲሞን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አፍንጫውን ስንጠርግለት ያደገ ነው።

«ኮሲሞ፣ የእናትየዋን ሙዚቃ ትመታልኛለህ?»

«ዶና ኑንዚያ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ልጆችህን ምን አልኳቸው? ሙዚቃ ነው የጠየቅኩህ።»

ጫማውን እያየ ሄደ። ኤሊናን የምትሠራው ሮሳልባ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የእግሯን ጣቶች በፕላስተር እየጠቀለለች ሁሉንም ሰምታለች። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው። እሷን አልጠየቅኳትም። እኔ የማጣው ያለቀ ዕድሜ ነው፤ የእሷ ገና መጀመሩ ነው።

የመክፈቻው ምሽት መጋረጃው ሳይነሳ ብሬምቢላ መጣ። ሻርፑን የሆነ ሰው ሰርቆበታል፤ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልናገርም።

«ሲኞራ፣ መጨረሻ ላይ አበባ እሰጥዎታለሁ፤ ስለ ረጅም አገልግሎትዎም ሁለት ቃል እናገራለሁ። ግን ዛሬ አንድ እጅ ቢያነሱ፣ ነገ ዘበኛው በሩ ላይ ያስቆምዎታል። ተግባባን?»

«አይስጉ» አልኩት። «ቅርጫቱ ከባድ ነው። ሁለቱንም እጄን ይይዛል።»

ሙዚቃው መጣ። የእንጨት ጫማዬን እያንኳኳሁ ገባሁ። ሮሳልባ ፍቅረኛዋን ሸኝታ ወደ እኔ ዞረች። ቅርጫቱን ይዤ እስከ መሀል ሄድኩ። ግንባሯን ሳምኩ። የእናትየዋ ቤት በቀኝ በኩል ነው፤ ከሸራ የተሠራ በር አለው። አየሁት። ወደ ላይም አየሁ፤ መብራቱ ዓይኔን ይወጋል፤ ሰገነቱ ጥቁር ነው፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አይታይም። አኒዬሎ ቀርቶ ቢሆንስ? ደሜ ፈላ። ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

የመከሩ ጭፈራ ሙዚቃ ተጀመረ፤ ልጆቹ ከግራና ከቀኝ እየሮጡ ወጡ። ክንዴን ከትከሻዬ አነሳሁ፤ *ቁሙ።* ቆሙ። ለዓመታት በዚያ ክንድ ሲቆሙ ኖረዋል፤ እግራቸው ከዳይሬክተሩ ይልቅ እኔን ያውቃል። ሙዚቃው ብቻውን ትንሽ ሄደ። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹ ተዉት፣ ከዚያ ዋሽንቱ፤ አንድ ከበሮ ዘግይቶ አንዴ ድም አለና እሱም አፈረ። ዶን ኮሲሞ ሙዚቃ የሚመራበትን ዱላ አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ፓልሚራ ሙዚቃ በሌለበት እንዴት እንደሚነገር አላስተማረችኝም። ቢሆንም እጄ አልፈራም።

*ስሙኝ።* ወደ ድልድዩ ጠቆምኩ። *እዚያ፣ ውሃው ሥር።* የቀለበት ጣቴን ነካሁ፤ *ሙሽሮች።* ጡጫዬን አጣምሬ ወደታች ጣልኩ፤ *ሞተው።* መዳፎቼን ቀስ አድርጌ አነሳኋቸው፤ *ጨረቃ ስትወጣ ይወጣሉ።* መጋረጃ ፊቴ ላይ እንደምጥል አደረግኩ። ልብሴ ሲንኮሻኮሽና ጫማዬ እንጨቱን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ከታች አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሳቀ። በጎን ካለው የክብር ቦታው ብሬምቢላ ብድግ ሲል ታየኝ።

ያኔ ነው እላይ አንድ ሰው የቆመው። ከሰገነቱ አጥር ላይ ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ ጣቶቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ወደ እኔ ያወዛውዛል። *ከዚያስ?*

አኒዬሎ። ሙዚቃው መቆሙን አያውቅም። ለእሱ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ይህ ሁሉ ሰው ተሳቅቆ፣ እኔ እዚያ መሀል ላይ ራቁቴን የቀረሁ ያህል አፍሬ፣ ለእሱ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ እህቱ ታወራለች፣ እሱ ይጠይቃል።

*ከዚያማ ይጨፍራሉ* አልኩት፤ እጆቼን ከራሴ በላይ አዞርኳቸው። *እጅ ይለምናሉ። የሰጣቸው አይመለስም።* ከአንገቴ ቀና ብዬ፣ ከትከሻዬ ነገርኩት። የሳቀውም ሰው ዝም አለ።

አሁን ልጅቷ መመለስ አለባት። ልጅቷ ካልመለሰችልኝ እኔ አንዲት የጃጀች አሮጊት ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም። ሮሳልባ ከመስመሯ ወጣች። ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቷል። መጣችና አገጬን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ሳቀችብኝም፤ እጇን እንደ ጉም በትና፤ *እማማ፣ ተረት ነው እኮ!* ሰገነቱ በአንድ ላይ ተነፈሰ። ዶን ኮሲሞ ዱላውን አወረደው፤ ጭፈራው ቀጠለ።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ሙሽሮቹ ከድልድዩ ሥር ብቅ ሲሉ ከላይ የዶና ካንዲዳ ድምፅ መጣ፤ «ኤሊና! አንቺ ልጅ! እጅሽን እንዳትሰጪ!» ታች ያሉት ቱጃሮች ሳይቀሩ ወንበራቸውን ጨብጠው ነበር ይላሉ። አንሶላ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ብሬምቢላ አበባውን ሰጠኝ፤ ሕዝቡ እያየ ነዋ። ከመጋረጃው ጀርባ ፈገግታው ሳይጠፋ በጆሮዬ «ጨርሰናል» አለኝ። ዘበኛው የመልበሻ ክፍሌን ቁልፍ ተቀበለኝ፤ ዓይኔን ማየት አቅቶት ግድግዳውን እያየ ነው የተቀበለኝ። አንጀቴ ርሶ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን ሆድ ባሰኝ።

በማግስቱ አኒዬሎ ያጽናናኛል ብዬ ጠበቅኩ። ምን ያጽናናል! ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። «የት ነበርክ?» ስለው «ሥራ» ይለኛል። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ዶና ካንዲዳ ከዳቦ ሻጩ ጋር ቆማለች፤ የቀለበት ጣቷን ትነካለች፣ ጡጫዋን ታጣምራለች፣ እሱም እየተከተለ ያደርጋል። እኔን ስታይ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ከተተች።

«ምንድን ነው የምታስተምሪው?»

«ምንም። ስለ ቀንድ አውጣ ዋጋ ነው የምናወራው።»

«የቀንድ አውጣ ዋጋ በሙሽራ ነው እንዴ?»

«ተወድዷል» አለችኝ፤ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ቅዳሜ አኒዬሎ ክራባት አስሮ መጣ። አባታችን የተቀበረ ዕለት ነው ክራባቱን መጨረሻ ያየሁት።

«ተነሽ» አለኝ።

«የት?»

«ሰገነት።»

«ዘበኛው እንዳያስገባኝ ተነግሮታል።»

«በአርቲስቶች በር ነው የከለከለሽ። የእኛን በር ማን ይከለክልሻል?»

ያንን ደረጃ ከተመልካች ጋር ወጥቼው አላውቅም ነበር። ጉልበቴን እየያዝኩ፣ እየተራገምኩ ወጣሁ። እላይ ስደርስ ቦታ የለም፤ ገበያው በሙሉ እዚያ ነው። ዓሣ ሻጩ፣ ዳቦ ሻጩ፣ ቢላ ሳዪው፣ ልጆቻቸው፤ ብርቱካንና ዓሣ ይሸታል። ሰላም ያለኝ የለም፤ ዝም ብለው አጥሩ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ላይ መድረኩ የጣት ጥፍር ያክላል። ለዚህ ነው ለካ ወንድሜ ስንት ዓመት የጮኸብኝ።

መጋረጃው ተነሳ። በእኔ ቦታ የገባችው ደሊያ የምትባል ልጅ ናት፤ ሽበት አድርገውላታል፣ ቅርጫቱን በሁለት እጇ አቅፋለች። አልጠላኋትም፤ ያዘዟትን ነው የምታደርገው። መሀል ደረሰች። ግንባር ሳመች። ወደ ሸራው በር ዞረች። ሙዚቃው ዘለለ።

አኒዬሎ ተነሳ። ክንዱን ከትከሻው አነሳ፤ *ቁሙ።*

ዶና ካንዲዳ ተነሳች። ዳቦ ሻጩ ተነሳ። ከኋላችን ወንበሮች ተንኳኩ፤ ዞር ስል ጣሪያው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ያ ሁሉ ክንድ ተነስቷል። መድረክ ላይ እየሮጡ የወጡት ልጆች ቀና አሉና ቆሙ። ደሊያ ቅርጫቷን ይዛ መሀል ላይ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ብሬምቢላ ከቦታው ተወርውሮ ተነሳ። «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ። ቃል ያልተነፈሰ ሕዝብ እንዴት ብሎ ዝም ይላል? ታች ያሉት ሰዎች ዞረው አዩት፤ የሚረብሸው እሱ ብቻ ነበርና።

ዶን ኮሲሞ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ወደ እኛ ቀና አለ። ከዚያ ዘወር ብሎ ለሙዚቀኞቹ አንድ ነገር አላቸው። በመርፌ የተያያዘው ወረቀት ሲላቀቅ፣ ገጽ ሲገለጥ እላይ ድረስ ተሰማኝ። ዱላው ተነሳ፤ የእናትየዋ ሙዚቃ መጣ። አይ ኮሲሞ! «ልጆች አሉኝ» ያለው ኮሲሞ!

*ስሙን* አለ ሰገነቱ። *እዚያ፣ ውሃው ሥር። ሙሽሮች። ሞተው።* ዓሣ የሚልጥ እጅ፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅ፣ የሕፃን እጅ። ዳቦ ሻጩ መጋረጃውን ሲጥል ተሳሳተ፤ ዶና ካንዲዳ በጥፊ አረመችው። *ጨረቃ ስትወጣ ይወጣሉ።* ሮሳልባ ታች ብቻዋን ቆማ ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ታዳምጣለች። ዓይኗ ከአጥሩ ላይ ፈልጎ እኔን አገኘኝ።

እኔም እያወራሁ ነበር፤ ግን እጄ ከደረቴ በታች ወርዷል፣ እንባዬ ጣቶቼ ላይ ይወርዳል። አኒዬሎ በክርኑ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ምን ያኮላትፍሻል?» አለኝ። «ከፍ አድርጊው! ልጅቷ እታች ናት፤ አይታያትም!»

እጄን ከፍ አደረግኩት።